የአሸዋ ተሳፋሪዎች

ከፋብሪካው ሰፈር፣ ዲሴምበር 4 ቀን 1960

ቬኒያሚን አርካዲዬቪች ስቶዣሮቭ፣

ልጄን አልጋ ላይ ያዋልከው አንተ ነህ። ይህን በመጀመሪያው መስመር የጻፍኩት፣ ደብዳቤውን ሳትጨርስ ብትጥለው እንኳ ይህችን እንዳታልፋት ብዬ ነው። አሁን ሰላምታ ይከተላል። ጤና ይስጥልኝ። ታሽከንት ሙቀት ነው ይላሉ፤ ይስማማህ።

እኔ ኡስቲኒያ ካርፖቭና ሉካሺና ነኝ፣ የረዳት አብራሪው የማካር እናት። በመልክ ታውቀኝ ይሆናል። የትንሿን ጄት የመቀመጫ ልብስና የመስኮት መጋረጃ የሰፋነው እኔና ክላቫ ነን። አንድ ቀን ስፌት ክፍላችን ገብተህ የመጋረጃውን ክብደት ክላቫን ጠየቅሃት። "ከባሌ ይቀላል፣ ከወሬው ይከብዳል" ስትልህ እስከ ጆሮህ ድረስ ቀላህ። ያኔ ደግ ሰው መስለኸኝ ነበር።

"አንተ" ስልህ ቅር አይበልህ፤ ቢልህም ግድ የለኝም፣ በዕድሜ እናትህ እሆናለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ በባራኩ፣ በሠራተኞች መኖሪያው፣ የጎልማሶች ትምህርት ቤት፣ ማካርን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ነው። ስለዚህ ቃል ማባከን አልችልም፤ እያንዳንዱ ይደክመኛል።

ካፒቴኑን አኒኬዬቭን ቀብረነዋል። አንተ ያኔ ሄደሃል። ሚስቱ መቃብሩ ዳር ከማካር በቀር ስለ ሁሉም ሰው ጠየቀች፤ እኔም ገባኝ። በፋብሪካው የሚወራው ካፒቴኑ ጎበዝ ነበር፣ ረዳቱ ግን ፍሬኑን ዘግይቶ ያዘ፣ በሙከራ በረራው አይሮፕላኑ ማረፊያ ሜዳውን ጨርሶ ቦዩ ውስጥ ገባ የሚል ነው።

አጣሪ ኮሚሽኑ ሆስፒታል መጥቶ ነበር። እኔ በሩ ጥግ ቆሜያለሁ።

"ጓድ ሉካሺን፣ ፍሬኑን የያዝከው ዘግይተህ ሊሆን ይችላል?"

"ሊሆን ይችላል።"

"ሊሆን ይችላል ነው ወይስ ነው?"

"ካፒቴኑ ያዝ ሲለኝ ያዝኩ። ምናልባት ዘግይቼ ይሆናል።"

ሰውየው ጻፈ። ውሳኔያቸውን በፀደይ ይሰጣሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የእነሱ ውሳኔ አይደለም። ማካር የራሱን ወስኗል። "አኒኬዬቭን የገደልኩት እኔ ነኝ" ብሎኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እስካሁን አልመለሰውም። ወገቡ በጄሶ ታስሯል፤ ምግቡን ግን የከለከለው ጄሶው አይደለም።

ለምን አንተን እንደምል ልንገርህ። ያን ቀን ሜዳው ዳር የነበሩት ሁሉ አብራሪዎቹ ወዳሉበት ወደ አፍንጫው ሲሮጡ፣ አንተ፣ የጭነቱ ኃላፊ፣ በኋላ በር ገብተህ በተሳፋሪ ፈንታ ወደተጫኑት የአሸዋ ከረጢቶች ሮጥክ ይላሉ። ሰው እየጮኸ ሰው ወደ አሸዋ አይሮጥም። አንድ ነገር ታውቃለህ።

ገንዘብ አልፈልግም። ይቅርታም አልጠየቅኩህም። ልጄ አልጋ አጠገብ ቆመህ የምታውቀውን ንገረው።

ኡስቲኒያ ሉካሺና

—

ታሽከንት፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 1961

የተከበሩ ኡስቲኒያ ካርፖቭና፣

መልሴ ስለዘገየ እጅግ አዝናለሁ። ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። ለማካር ጤና ከልቤ እመኛለሁ። በባቡር ሠራተኛ እጅ የደረቀ አፕሪኮት ልኬያለሁ፤ ለደም ጥሩ ነው ይላሉ።

ሸሽተሃል ላሉኝ፣ ዝውውሬ ከአደጋው በፊት የተወሰነ ነበር። እውነት ነው። መሄጃዬን በአንድ ወር ያፋጠንኩት ግን እኔው ነኝ፤ ይህም እውነት ነው።

በሁለተኛው ደብዳቤዎ ልጅ አለህ ወይ ብለዋል። አለችኝ። ሪማ ትባላለች፣ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብታለች። ለምን እንደጠየቁኝ አልጠፋኝም።

ያቺን አይሮፕላን ለምን ያን ያህል እንዳጣደፍናትም ጠይቀዋል። ትልልቆቹ ጄቶች የሚያርፉት ረጅም ሜዳ ባላቸው ከተሞች ነው። እናቴ ያለችበት የሰሜን ከተማ በፀደይ ጭቃ ከዓለም ይቆረጣል፤ ሐኪም ቢጠራ ወንዙ እስኪጎድል ይጠበቃል። ትንሿ ጄት የታሰበችው ለእንዲህ ያለው አጭር ሜዳ ነው። ሙሉ ጭነት ይዛ በአጭር ሜዳ መቆም እንደምትችል ለኖቬምበር የአብዮት በዓል እንድናሳይ ታዘዝን። ስጦታ መሆን ነበረባት።

ስለ ከረጢቶቹ ለጠየቁኝ በደብዳቤ መመለስ ይከብደኛል። ይህን ብቻ ይቀበሉኝ፦ ማካር ዘግይቷል ብዬ አላምንም።

አክባሪዎ፣ ቬ. ስቶዣሮቭ

—

ከፋብሪካው ሰፈር፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 1961

ቬኒያሚን አርካዲዬቪች፣

አፕሪኮቱ ደርሷል። ማካር አልቀመሰውም፤ ክላቫ በላችው፣ ለደሟ ተስማምቷታል።

"አላምንም" ያልከውን አነበብኩለት። ከማን እንደመጣ አልነገርኩትም። "የሚያዝንልኝ ሰው የጻፈው ነው" አለኝ። አየህ፣ ማመንህና አለማመንህ ለእሱ ምንም አይፈይድለትም። ማወቅህ ነው የሚጠቅመው።

በቴሌግራም የመቀመጫ ልብሶቹን ሁሉ አጥበሻል ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። ሰው በቴሌግራም ስለ አጠባ ሲጠይቅ የመጀመሪያህ ነህ፤ የፖስታ ቤቷ ልጅ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። አዎ፣ አጥቤያለሁ። ከተሰበረው አይሮፕላን ገፈው ለእኔ ሰጡኝ፣ የማን እናት እንደሆንኩ ሳያስቡ፤ ወይም አስበው። የሰፋሁት እኔ ነኝና ያጠብኩትም እኔ ነኝ።

ከጠየቅክ እንግዲህ ስማ። የሚጭኑት ልጆች በተሳፋሪ ፈንታ በሚቀመጡት ከረጢቶች ላይ በከሰል ፊት ይስሉባቸዋል፤ አንዱን የምግብ ቤቱ ኃላፊ፣ ሌላውን የሒሳብ ሹሙ ይሉታል። ክላቫም ከመስኮቱ አጠገብ ያለውን "ይኼ የኔው ጉድ ባሌ ነው፤ ቀበቶውን አጥብቁለት፣ መጥፋት ልማዱ ነው" ብላቸው ነበር። ሌላ ጊዜ ከሰሉ ዱቄቱን ብቻ ይተዋል፣ እናራግፈዋለን። ያን ቀን ግን ፊታቸው ሁሉ ወርዶ ሰማያዊው ልብሴ ላይ ቀርቷል፤ ዓይን ከአፍንጫ ተቀላቅሎ፣ ከሥሩም ጭቃ። ቀኑን ሙሉ ስፈትግ ዋልኩ። አንድም ሰው፣ የሰው እጅ የሠራው ነው ብሎ፣ ከሥሩ አንድ ጆንያ አላነጠፈም። ሰዎችህ ባለጌዎች ናቸው።

እግሩንም ጠይቀሃል። አንደኛው ነቅቷል፣ መርፌ ሲወጋ ይሰማዋል። ሌላው ገና ነው።

ትናንት ትንሽ ተናገረ። "እናቴ፣ ስንነሳ አኒኬዬቭ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? 'ወይዘሮዋ ዛሬ በልታ ነው የመጣችው፣ ወንበሯን አትለቅም' ብሎ በአይሮፕላኗ ቀለደ። እኔም ሳቅኩ።" ከዚያ አለቀሰ። የሚያስለቅሰው መሳቁ ነው። አኒኬዬቭ ይቀልድ ነበር፣ ልጄም ይስቅ ነበር፣ አሁን ግን በአንዲት ሳቅ ራሱን ይሰቅላል።

ምን እንደምታውቅ ንገረኝ።

ኡስቲኒያ

—

ታሽከንት፣ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1961

የተከበሩ ኡስቲኒያ ካርፖቭና፣

ያ ጭቃ ከባለጌነት የመጣ አልነበረም። ይህን ከነገርኩዎ በኋላ የምደብቀው አይኖረኝምና ሁሉንም ልጻፍ።

በደንቡ አሸዋው ከወንዙ ዳር ይመጣና በማሞቂያ ቤቱ ጎን ባለው ማድረቂያ ክፍል፣ በብረት ሰሌዳ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ከዚያ በከረጢት ይሞላል። አንድ ከረጢት አንድ ተሳፋሪ ነው። ደረቅ እስከሆነ ድረስ ቆጥረን እንጭናለን እንጂ አንመዝንም፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር።

ያን ሳምንት ማድረቂያ ክፍሉ ለበዓሉ ሰልፍ በተሳሉ የመሪዎች ሥዕሎችና መፈክሮች ሞልቶ ነበር። ቀለማቸው ገና እርጥብ ነው፤ ውጭ ደግሞ ዝናብ። አሸዋው ከነውሃው መጣ። የክፍሉን ጠባቂ ሽማግሌውን ፓንክራትን አነጋገርኩት።

"ፓንክራት ሳቪች፣ አሸዋው እስኪደርቅልኝ እነዚህን አውጣልኝ።"

"እነማንን ነው የማወጣው?"

"ሥዕሎቹን ነዋ።"

"ሥዕሎቹን አትበለኝ፣ ልጄ። እያንዳንዳቸውን በስማቸው ጥራና ዝናብ ላይ አውጣ በለኝ። እዚህ የቆሙት ሰዎችም ይስሙህ። እኔ አወጣለሁ።"

እዚያ የቆሙት ሁለት ቀለም ቀቢዎችና አንድ ባንዲራ የያዘች ልጅ ነበሩ። ሁሉም ሥራ አቁመው አዩኝ። ሥዕሎቹም የሚያዩኝ መሰለኝ። አፌን ከፈትኩ፤ "ይሁን ግድ የለም" ብዬ ወጣሁ።

ከረጢቶቹን ማስመዘን እችል ነበር። ሚዛኑ ቢያሳይ ግን ሙከራው ይዘገያል፣ ለምን ዘገየ ይባላል፣ መልሱም ያ ክፍል ይሆናል። እንደወትሮው ቆጠርኩ። ለአኒኬዬቭም "ጭነቱ ልክ ነው" ብዬ እጁን ጨበጥኩት። ማካር ፍሬኑን በጊዜው ይዟል፤ ከጅራቱ የሚዘረጋው ዣንጥላም ተከፍቷል። አይሮፕላኗ መቆም ያቃታት ከአቅሟ በላይ ተጭኖባት በነበረው የአሸዋው ውሃ ነው። በኋላ በር የሮጥኩት ከረጢቶቹን በእጄ ልዳስስ ነበር። ያኔም አውቄው ነበር፤ ግን ዳሰስኩ።

ይህን ለኮሚሽኑ ብናገር ክስ አለ። ሪማ አለች። እስካሁን አልወሰንኩም። ብላሽ ሰው ቢሉኝ ይገባኛል።

ቬ. ስቶዣሮቭ

—

ከፋብሪካው ሰፈር፣ ማርች 12 ቀን 1961

ቬኒያሚን አርካዲዬቪች፣

ሁለቱ ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል፤ ሳልጽፍልህ ግን ብዙ ቆየሁ። መጀመሪያ የያዝኩትን ወረቀት ቀደድኩት፤ ስድብ ብቻ ነበር፤ ስድብ ደግሞ ስጽፍ ፊደሉ ይጠፋኛል።

ብላሽ ሰው አልልህም። ማካር ሕፃን ሳለ፣ ተሰልፌ ያገኘሁትን ሄሪንግ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ቤት ስገባ ጎረቤቴ ወደ እጄ አየች። እኔም አየሁ። ዘይቱ ጋዜጣው ላይ በታተመው በአንድ ትልቅ ባለሥልጣን ፊት ላይ ወጥቶ ነበር። አየች ብቻ። ዓሣውን ከነጋዜጣው ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ልጄ ያን ቀን ሳይበላ ተኛ፣ እኔም ለብዙ ቀን በር በተንኳኳ ቁጥር ቀሚሴን አስተካክል ነበር፣ ሲወስዱኝ በደንብ እንድለብስ። ስለዚህ አፍህን ከፍተህ መዝጋትህን አውቀዋለሁ። ሌላ ሰው ባይገባው እኔ ይገባኛል።

ፓንክራትንም አገኘሁት፤ እንደጠየቅከኝ አላስፈራራሁትም። "እኔ ለእሱ ብዬ ነው፣ ካርፖቭና፤ ወጣት ነው፣ ችኩል ነው፣ ነገ ይቆጨዋል ብዬ ነው" አለኝ። እውነቱን ይመስለኛል። ሁላችሁም ደግ ነበራችሁ። አኒኬዬቭ ግን ሞቷል።

አሁን እኔን ስማኝ። እኔ የፈራሁት ጊዜ ያቃጠልኩት የራሴን ዓሣ ነው። የአንተ ፍርሃት በልጄ ወገብ ላይ ተጭኗል። ፍርሃት አይኑርህ አልልህም፣ ለእኔም አልሆነልኝም። ከማካር ላይ አንሳውና ራስህ ተሸከመው።

ለምን ራስሽ አትነግሪውም ብለሃል። ነገርኩት። ባለፈው እሁድ፣ ያልከውን ሁሉ፣ ያለ ስምህ። ሰምቶ ሲጨርስ ምን አለኝ መሰለህ? "እናቴ፣ አንቺ ለእኔ ብለሽ ፀሐይን ጥቁር ናት ትያለሽ።" እናት ስትናገር እንዲህ ነው፤ ምስክር አትሆንም። ደብዳቤህን እንዳላሳየው ደግሞ ለምነኸኛል፣ እኔም አላሳየሁም። እስከ መቼ እንደምታገስ ግን አላውቅም።

በኤፕሪል መጨረሻ ኮሚሽኑ ተመልሶ ይመጣል። ማካር "ዘግይቻለሁ" ብሎ እንዲፈርም ወረቀት አዘጋጅተዋል። ሐኪሟ ትንፋሹን ባዳመጠች ቁጥር "መዳን የሚፈልግ ሰው እንዲህ አይተኛም፣ እናት" ትለኛለች። ይፈርማል። ከፈረመ በኋላ ከአልጋው የሚያነሳው ነገር አይኖርም፤ ያን አውቃለሁ።

ሪማን አስቤያታለሁ። አባቷ ምን እንዳደረገ አንድ ቀን ትሰማለች። ከማን ብትሰማ ይሻላል?

ኡስቲኒያ

—

ቴሌግራም፣ ታሽከንት፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1961

ለቤተሰቤ ነግሬያለሁ። ማክሰኞ በባቡር እደርሳለሁ። መጀመሪያ ማካር ዘንድ፣ ቀጥሎ ኮሚሽኑ ዘንድ። ጣቢያ አይምጡ። ስቶዣሮቭ

—

ከፋብሪካው ሰፈር፣ ጁን 25 ቀን 1961

ቬኒያሚን አርካዲዬቪች፣

ደብዳቤህ በስንት መንገድ ዞሮ ደረሰኝ። ፍርዱ ከዚያ ሊከፋ ይችል ነበር። ከሥራ ደረጃህ አወረዱህ እንጂ አላሰሩህም፤ ሪማም አብራህ ናት። በእናትህ ከተማ መመደብህንም ሰማሁ። አንተ ቅጣት ነው ብለሃል፤ እናትህን ብትጠይቃት ሌላ ትልሃለች። ሰሜን አሁን ትንኝ ነው፤ መስኮቱ ላይ ስስ ጨርቅ ወጥሩ።

ከክፍሉ ከወጣህ በኋላ ማካር ምን እንዳለ ጠይቀኸኛል። ልነግርህ እችላለሁ፣ ምክንያቱም የተባባላችሁትን አልሰማሁም። "ውጪ፣ እናቴ" ብሎ እኔን ማስወጣቱን አይተሃል። በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ነርሶቹ ያን ሰሞን ስለዚያ ሕዋ ስለወጣው ልጅ ብቻ ያወሩ ነበር፤ እኔ ግን ከበሩ ወዲያ ያለውን ዝምታ ነው የማዳምጠው። ከዚያ ሲጮህብህ ሰማሁ። ኩባያ ሲሰበርም ሰማሁ። ነርሷ ልትገባ ስትል ቀሚሷን ይዤ አስቀመጥኳት። ከኖቬምበር ወዲህ ልጄ የተቆጣው በራሱ ላይ ብቻ ነበር። በሌላ ሰው ላይ ሲቆጣ የመጀመሪያው ነው። ይጩህ አልኩ።

አንተ ነጭ ሆነህ ወጣህ፤ ቡናማው ኮትህ ላይ ሻይ ፈሶበታል። በኮሪደሩ ተላለፍን። እኔ ስገባ ማካር ፊቱ ወደ በሩ ነበር።

"ማነው ይኼን ሁሉ ጊዜ ስትጽፊለት የነበረው፣ እሱ ነው?"

"እሱ ነው።"

"ስንቱን ጻፍሽለት?"

"የእግርህን ጣት ሳይቀር።"

 ከዚያ "ለእሱ የመጣው ኩባያ ተሰበረ። በሌላ ሻይ አምጪልኝ፣ ስኳር ጨምሪበት" አለኝ። ይኼ ነው ያለው። ብዙ ነገር እንዳለ ጠብቀህ ከነበረ፣ አላለም።

ወረቀቱን አልፈረመም። ኮሚሽኑ አንተን ከሰማ በኋላ አዲስ ጻፈ። ከማካር ስም ላይ ነቀፋው ተነሥቷል። የአኒኬዬቭ ሚስት በዳቦ ሰልፍ ላይ አጠገቤ መጥታ ቆመች፤ ቦታዋንም ከእኔ ኋላ ያዘች። ለእኔ በቂ ነው።

በአይሮፕላኗ ጉዳይም ዜና አለ፤ ጠይቀሃል። አዲሷ በአጭሩ ሜዳ ቆማለች። ከረጢቶቹን እየመዘኑ ነው የሚጭኑት፤ ልጆቹ ፊት መሳሉን ግን አልተዉም። የሜይ አንድ ሰልፍ ሥዕሎችንም በዚህ ዓመት ውጭ፣ በሸራ ሥር አደረቋቸው። ዝናብም ዘነበ። የአንደኛው ጢም ወረደ። ክላቫ "እንግዲህ ሁላችንንም ይወስዱናል፣ ካርፖቭና፣ ልብስሽን አጣጥፊ" አለችኝ። ፓንክራት በቀለም ደገመው፤ ማንም ምንም አላለም። አንተ ያን ቀን ብትናገር ኖሮ ማንም ምንም አይል ነበር ማለቴ አይደለም። አላውቅም። ማንም አያውቅም፤ የከፋው እሱ ነው።

ማካር በሁለት ክራንች ይሄዳል። ያቺኛዋ እግር ትጎተታለች፤ ዳግመኛ አያበርም። ሬዲዮ ማነጋገርና የአየር ሁኔታ ማንበብ ልማር፣ ከምድር ሆኜ አይሮፕላን ላሳርፍ እያለ ነው። ከቤት ርቆ ይማራል ማለት ነው። እኔ "ወገብህ ገና ነው፣ ሐኪሟ አልፈቀደችም" አልኩት። ለሐኪሟም "ልጄ መሄድ አይፈልግም" ብዬ ነግሬያት ነበር። በማግሥቱ እሱ ራሱ ጠየቃት።

ወደ ቤት ሲገባ ክራንቹን አስደግፎ ከፊቴ ተቀመጠ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"እናቴ፣ ፓንክራትን አነጋገርሽልኝ። ለስቶዣሮቭ ተናገርሽልኝ። እሺ። እኔ መናገር የማልፈልግበት ጊዜ ነበር። ሐኪሟን ግን ምን አስገባት?"

"ፈርቼ ነው።"

"አውቃለሁ" አለኝ።  ድንቹን ልጦ እንድቀቅለው ሰጠኝ።

መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጠይቀኸኛል፣ በትንንሽ ፊደል፣ ባላነበው የሚሻል ይመስል። ይቅር ብለሽኛል ወይ ብለሃል። ለብዙ ቀን አሰብኩበት። በእኔ ላይ የዋልከውን በደል አግኝቼ ይቅር ልልህ ፈለግኩ፤ ያገኘሁት የታጠበ የመቀመጫ ልብስ ብቻ ነው። እሱን ይቅር ብዬሃለሁ። የቀረው ወገብ የማካር ነው፣ እግሩም የእሱ ነው፣ የሞተውም ጓደኛ የእሱ ነው። ስለ አንተ ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ፤ ፊቱን እያየሁ ነው የምውለው። ግን አልነግርህም። አድራሻህን ሰጥቼዋለሁ፤ መጻፍና አለመጻፍ የራሱ ጉዳይ ነው። እኔ ከእንግዲህ በልጄ ፈንታ አልናገርም።

ኡስቲኒያ ሉካሺና